ፋታ ለአስታማሚ፦ በመሀል አዲስ አበባ ቤተሰቡን የሚያስታምም ሰው የትኛውን ዕረፍት ይምረጥ?

እናቴን ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ አልታዘዝ ባላት በመጀመሪያው ዓመት፣ ውጭ አገር ያለችው እህቴ በስልክ «እስቲ አንድ ቀን ወጣ በይና ተናፈሺ» ብላ ስለወተወተችኝ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከግንፍሌ ወደ ፍል ውኃ ወረድሁ። ወረፋ ጠብቄ፣ ተራዬ ደርሶ፣ ልብሴን አውልቄ ገና ውኃው ውስጥ ከመግባቴ ስልኬ ጠራ፤ የዘጠኝ ሰዓቱ ክኒን ነጩ ነው ወይስ ቢጫው ብላ የቤት ሠራተኛችን ትጠይቃለች። ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ተደወለልኝ። አንዱ ዳይፐር የት እንዳለ ለመጠየቅ ነበር፤ አንዱ እናቴ «የት ሄደች?» እያለች መሆኑን ለመንገር። ቤቴ ስገባ ከመውጣቴ በፊት ከነበረው የበለጠ ደክሜ ነበር።

የዚያን ቀን ስህተቴ ቦታውን አስቀድሜ መምረጤ ነው። ፍል ውኃው ጥፋት የለበትም፤ ልጅቷም የለባትም፤ ቤቱን እንጂ ኃላፊነቱን አላስረከብኋትምና። ኃላፊነቱን ለሌላ ሰው ሳያስረክብ የወጣ አስታማሚ ሰውነቱ ሙቅ ውኃ ውስጥ ቢሆንም ጆሮው የሕመምተኛው በር ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ይህ ንጽጽር የተለመደውን ቅደም ተከተል ገልብጦ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ማን ይተካል የሚለውን፣ ቀጥሎ ፋታው መቼና ለምን ያህል ጊዜ ይሁን የሚለውን፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የት ይኬዳል የሚለውን ያነጻጽራል። የተጻፈውም ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ፣ ከስድስት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባለው የከተማዋ መሀል ወላጅን፣ የትዳር ጓደኛን ወይም ሌላ የቅርብ ዘመድን በቤታቸው ለሚያስታምሙ ሰዎች ነው።

ወንድምና እህት፦ ሕመምተኛው ይዙር፣ አስታማሚው ይዙር ወይስ ገንዘብ ይዋጣ?

በብዙ ቤት የማስታመሙ ሥራ የሚወድቀው ያላገባችው ሴት ልጅ ላይ ወይም በአጋጣሚ ከወላጁ ጋር የሚኖረው ልጅ ላይ ነው፤ የቀሩት ይጠይቃሉ፣ ይልካሉ፣ ይመክራሉ። ይህ ድልድል በማንም ስብሰባ የተወሰነ አይደለም፤ ከሆስፒታል በወጡበት ሳምንት እንደነገሩ ተይዞ በዚያው ይረጋል። ሕጉ ግን ሸክሙን በአንድ ልጅ ጫንቃ ላይ ብቻ አላኖረም። በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ቀለብ የመስጠትን ግዴታ በወላጆችና በልጆች መካከል፣ እንዲሁም በወንድማማቾችና በእህትማማቾች መካከል ያስቀምጣል፤ ቀለብ የተባለውም እህል ብቻ ሳይሆን መኖሪያን፣ ልብስንና ጤናን መጠበቅን ይጨምራል። ይህን የማነሣው ማንም ሰው ወንድሙን ፍርድ ቤት እንዲያቆም አይደለም። ውይይቱ «ትንሽ እርዱኝ» በሚል ልመና ከሚጀመር ይልቅ «ድርሻችንን እንካፈል» በሚል ቢጀመር የሚያስከትለው ለውጥ ትልቅ በመሆኑ ነው።

ለመካፈል ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ሕመምተኛውን በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ከልጅ ወደ ልጅ ቤት ማዛወር ነው። ይህ እግሩ ለሚሄድ፣ አእምሮው ለነቃ አዛውንት ይሠራ ይሆናል፤ እሱም ቢሆን ደጁን፣ ደብሩንና ዕድሩን ጥሎ ሰሚት ወይም ጀሞ መክረሙን እምብዛም አይወደውም። የመርሳት ሕመም ላለበት ሰው ግን ይህ አማራጭ የከፋ ነው፤ በማያውቀው ክፍል ሌሊት ሲነቃ በሩን ከቁም ሣጥኑ መለየት ያቅተዋል፣ ይደነግጣል፣ ልውጣ ይላል። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ሰው ደግሞ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ልጅ ምንም ያህል ቢወድ ሊያስተናግደው አይችልም።

ሁለተኛውና በእኔ ግምት የተሻለው፣ ሕመምተኛው ባለበት ረግቶ አስታማሚዎቹ የሚዙሩበት ነው። ቅድመ ሁኔታው ቀኑ የታወቀ መሆኑ ነው። «ሲመቸኝ ብቅ እላለሁ» ተራ አይባልም። «ዘወትር ረቡዕ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ሐሙስ ጠዋት 1 ሰዓት» ግን ተራ ነው፤ አስታማሚዋ ያን ሌሊት ከማክሰኞ ጀምራ ትጠብቀዋለች፤ መጠበቁ ራሱ ግማሽ ዕረፍት ነው። ተረኛው ሲመጣም መመገቡንም ማጠቡንም ማገላበጡንም እሱ ይረከብ፤ አስታማሚዋ ወይ ከቤት ትውጣ፣ ወይ ሌላ ክፍል በር ዘግታ ትተኛ። ወንድሜ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ረቡዕ ሲያድር አጠገቡ ቆሜ «እንደሱ አይደለም» ስለው አመሸሁ፤ በአራተኛው በትሕትና አስወጣኝ። እናቴ እሱ ሲያጎርሳት ከእኔ ይልቅ ትበላ እንደነበር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው፤ ርቆ ላለ ልጅ ከዚህ ሌላ አማራጭ የለም። ችግሩ በጥቅል የሚላክ ገንዘብ ጤፍ፣ ዳይፐርና መድኃኒት ላይ ቀልጦ ይቀራል፤ ቤቱን ይደጉማል እንጂ ለአስታማሚዋ አንዲት ሰዓት አይገዛላትም። ስለዚህ ላኪውን «ከምትልከው ላይ ይህን ያህሉ በወር ለአራት ሌሊት ነርስ ይሁን» ብሎ በቁርጥ መነጋገር ይሻላል። እህቴ ይህን ስነግራት ቅር የምትሰኝ መስሎኝ ነበር፤ ገንዘቧ ምን እንደሚሠራ በማወቋ ግን ደስ አላት።

ተቀጣሪ የሆነ ወንድም ወይም እህት «ሥራ አይለቁኝም» ማለቱ የተለመደ ስለሆነ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሰጠውን ማወቅ ይጠቅማል። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ሲሆን፣ ለተጨማሪ ሁለት ሁለት ዓመት አገልግሎት አንድ አንድ ቀን ይጨመርበታል፤ ከአሠሪው ጋር በመስማማትም ለሁለት ከፍሎ መውሰድ ይቻላል። ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም ደግሞ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ መጠየቅ የሚቻል ሲሆን፣ ይህም በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ብዙ ሰው የዓመት ፈቃዱን በሙሉ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ይጨርሰዋል። ለድንገተኛው ያለ ክፍያ የሚሰጠውን ፈቃድ አውጥቶ የዓመት ፈቃዱን ለማገገሚያ ማቆየት፣ ደመወዙ የሚፈቅድለት ሰው ሊያስብበት የሚገባ ምርጫ ነው።

የሚቀጠር ሰው፦ ተመላላሽ፣ ቋሚ ወይስ ነርስ?

ከወጪ አንጻር ተመላላሽ ሠራተኛ ትቀላለች፣ ቋሚ ትከተላለች፣ የቤት ለቤት ነርስ ከሁሉም በላይ ናት። ይሁንና ሦስቱ የሚሸጡት ነገር አንድ ስላልሆነ በዋጋ ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል።

ለእናት ወይም ለአባት የምትቀጠር ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ከሕመምተኛው ጋር ብቻዋን ልትተው አይገባም። እኔ የምመክረው በመጀመሪያው ወር አጠባውን፣ ምግብ ማብሰሉንና የገበያውን ሥራ ሰጥቷት አስታማሚዋ ከሕመምተኛው ጋር እንድትቆይ ነው፤ ልጅቷ እየገባችና እየወጣች ሕመምተኛውን ትለምዳለች፣ ሕመምተኛውም ድምፅዋን ይለምዳል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ መመገብን፣ ማልበስን፣ ማገላበጥን ትረከባለች። ብዙ ቤት የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አስታማሚዋ ወጥ ቤት ገብታ ትደክማለች፣ ሕመምተኛው ትናንት በደላላ ከመጣች የ18 ዓመት ልጅ ጋር ይቀመጣል፣ ሁለቱም ይፈራራሉ። ማስታመም ሲጨመር ደመወዙም አብሮ መጨመር አለበት፤ ለወጥና ለልብስ የተዋዋለችን ሠራተኛ ሰው አንሺ ማለት ውሉን መለወጥ ነው። የቤት ሠራተኞች በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ስለማይሸፈኑ የዕረፍት ቀናቸው በአሠሪው ሕሊና ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ አስታማሚ ፋታ ያገኘሁ መስሏት ድካሟን ወደ ሌላ ሴት ትከሻ ብቻ አዛውራው እንደሆነ ራሷን ትጠይቅ። እሑድን ሙሉ የሚያርፍ ሠራተኛ ሰኞ ዕለት የሚታመን ተተኪ ይሆናል።

ነርስ የግድ የሚያስፈልግባቸው ነገሮች አሉ፤ ቁስል ማጠብና ማሸግ፣ የሽንት ቱቦ መቀየር፣ በአፍንጫ በገባ ቱቦ መመገብን ማስተማር፣ የኢንሱሊን መጠን ሲለወጥ መከታተል። ለእነዚህ ሠራተኛን ወይም ጎረቤትን መተካት አደጋ ነው። ከዚህ ውጭ ላለው ግን፣ ማለትም አጠገብ ለመቀመጥ፣ ለማጫወት፣ ውኃ ለማጠጣት ነርስ መቅጠር ገንዘብን ያለቦታው ማዋል ነው። ነርስ ከሚያቀርብ ድርጅት ጋር ሲዋዋሉ አንዲት ነርስ በቋሚነት እንደምትመጣ አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል። እኔ የተዋዋልሁት ድርጅት በአንድ ወር ውስጥ አምስት የተለያዩ ነርሶች ልኮልኛል፤ ለእያንዳንዷ ከመጀመሪያው ሳስረዳ ፋታዬ በማስረዳት አለቀ።

ገንዘብ ለሌለው ሰው ሁለት በሮች መንኳኳት አለባቸው። የየአካባቢው ጤና ጣቢያ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ የደም ግፊት ይለካሉ፣ ይመክራሉ፣ ወደ ጤና ጣቢያም ይልካሉ። ሕመሙ የማይድን ደረጃ ላይ ከደረሰና ዋናው ጉዳይ ሥቃይን ማስታገስ ከሆነ፣ ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ቤት ድረስ እየሄደ የማስታገሻ እንክብካቤ የሚሰጥ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። መቄዶንያን የሚጠቅሱ ሰዎችም አሉ፤ መቄዶንያ ግን የተቋቋመው ጧሪ ቀባሪ ለሌላቸው አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን በመሆኑ ልጅ ያለው ሰው ለጥቂት ቀን ፋታ የሚያገኝበት ቦታ አይደለም።

ጠያቂና ጎረቤት

ከአማራጮቹ ሁሉ በጣም ርካሹና በጣም የሚባክነው ይህ ነው። በእኛ አገር ሕመምተኛ ይጠየቃል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ በዓል ሲሆን፣ ዘመድ ከክፍለ ሀገር ሲመጣ ቤቱ ይሞላል። ብርቱካንና ለስላሳ ይመጣል፤ ቡና ይፈላል፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ይከተላል፤ አስታማሚዋ ትቆላለች፣ ትቀዳለች፣ ሲኒ ታጥባለች፣ የሕመሙን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምራ ለሰባተኛ ጊዜ ትተርካለች። እንግዶቹ «አይዞሽ፣ እግዜር ብድሩን ይክፈልሽ» ብለው መርቀው ሲወጡ እሷ ቆማ መሄድ አቅቷታል። አምስት ሰው ሦስት ሰዓት ተቀምጦ አንድም ደቂቃ ፋታ አልሰጣትም። በዚህ ጠያቂ አይወቀስም፤ የተጠየቀው ነገር ቢኖር ኖሮ ያደርገው ነበር።

ጠያቂን ወደ ተተኪነት የሚለውጠው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ምን ላግዝሽ?» ለሚል ሰው «ኧረ ምንም፣ መምጣትሽ ይበቃኛል» የሚለው የለመድነው መልስ በጨዋነት የተሸፈነ በር መዝጋት ነው። በምትኩ «እትዬ፣ ሐሙስ ከ9 እስከ 11 ሰዓት እናቴ ዘንድ ቢቀመጡልኝ» ብሎ ቀኑንና ሰዓቱን ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። ሥራውም ለአቅማቸው የሚሆን ይሁን፤ አዛውንት ጎረቤት ሰው አያነሡም፣ ነገር ግን ዳዊት ይደግሙላታል፣ የድሮ ሰው እያነሡ ያሥቋታል፤ የጎረቤት ወጣት ደግሞ መጫወቱ ባይሆንለትም ከአልጋ ወደ ወንበር ለማንሣት ሁለተኛ ሰው ይሆናል። ቡናውንም ቢሆን የሚመጣው ሰው ያፍላው። እኔ ይህን ለማለት ስምንት ወር ፈጅቶብኛል፤ የመጀመሪያዋን ጎረቤቴን ስጠይቃት «እስካሁን ምን ነካሽ?» አለችኝ።

የሚያስቸግረው ይሉኝታ ነው። «እናቷን ለጎረቤት ጥላ ትዞራለች» እንዳይባል የሚፈራ ሰው ጥቂት አይደለም፤ ይህን የሚሉም አይጠፉም። እዚህ ላይ የምመርጠው መንገድ የምሄድበትን በግልጽ መናገር ነው፤ «ለሁለት ሰዓት ልተኛ ነው» ብሎ የተናገረን ሰው ማንም አያማውም፣ ቢያማውም ወሬው አጭር ይሆናል።

ስለ ዕድርና ማኅበር አንድ ነገር ልጨምር። ዕድር ለለቅሶ ተዘጋጅቶ የቆመ ተቋም ነው፤ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ተራ የሚገባውም ሰው ለዚያ ነው። ለሕመም ጊዜም አባላቱ በተራ እንዲቀመጡ መጠየቅ በብዙ ዕድር ያልተለመደ ቢሆንም፣ ተራ የመያዝ ልማዱና የአባላት መዝገቡ ስላለ ከባዶ ከመጀመር ይቀላል። የጽዋ ማኅበር ከዚህም የተሻለ ነው፤ አባላቱ ጥቂት ናቸው፣ በየወሩ ይገናኛሉ፣ የቤቱን ጓዳ ያውቁታል። ይሁንና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱና በመልሶ ማልማቱ ምክንያት ከፒያሳ፣ ቆይቶም ከካዛንቺስ ብዙ ጎረቤት ወደ ከተማዋ ዳር ተዛውሯል። ለአርባ ዓመት ግድግዳ የተጋራ ሰው ሁለት ታክሲ ሲርቅ «አንድ ጊዜ ብቅ በይልኝ» የሚባልበት ዘመን ያልፋል። እንዲህ የተበተነ ጎረቤት ያለው ሰው ይህን አማራጭ በወር አንድ ሙሉ ቀን አድርጎ ቢያደራጀው እንጂ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ሊተማመንበት አይችልም።

ሌሊት፣ ሰዓት፣ ቀን ወይስ ሳምንት?

አንድ ነገር ብቻ መግዛት ወይም መለመን የሚችል አስታማሚ ሌሊት ይምረጥ። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሕመምተኛ የአልጋ ቁስል እንዳይወጣበት በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ጎኑ መለወጥ አለበት፤ በዚህ ስሌት አስታማሚው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይነሣል። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልገው ይታወቃል፤ ይህ ሰው ግን ከሁለት ሰዓት የማይበልጥ እንቅልፍ እየቆራረጠ ነው የሚያገኘው። እንዲህ ለወራት የከረመ ሰው የሚያስፈልገው ሽርሽር ሳይሆን ሳይነቃ የሚያድርበት አልጋ ነው። በሳምንት ሁለት ሌሊት የሚያድር ተተኪ፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከሚገኝ አንድ ሰዓት የበለጠ ይጠቅማል፤ ይህን የምለው ሁለቱንም ሞክሬ ነው። ቀን ላይ እንቅልፍ ሲያዳፋ በቡና መግፋትም ዕዳው ሌሊት ይከፈላል፤ ከቡና የሚገኘው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ስለሚወስድ፣ የ10 ሰዓቱ ቡና የምሽት 3 ሰዓቱን መኝታ ያውካል።

ሕመምተኛው ሌሊት ለሚተኛለት ሰው ግን ምርጫው ይለያል። እንዲህ ላለው በየቀኑ የሚገኝ አጭርና የማይቀር ፋታ፣ በወር አንድ ጊዜ ከሚገኝ ረጅም ቀን ይሻላል። በአንድ ቀን ብዙ ነገር ለመፈጸም የሚጣደፍ ሰው፣ ማለትም ባንክ፣ ልብስ ሰፊ፣ የዘመድ ለቅሶ፣ ፀጉር ቤት እያለ የሚሮጥ ሰው፣ ያን ቀን ጉዳይ ፈጸመ እንጂ አላረፈም። የጉዳይ ቀንና የዕረፍት ቀን ተለይተው ይያዙ።

ሳምንት ሙሉ ርቆ መሄድን በተመለከተ፣ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ትውልድ ቀዬ ሄዶ መክረም መልካም ቢሆንም፣ ሌሊቱና ቀኑ ያልተደራጀለት ቤት ሳምንቱን አይችለውም። በመጀመሪያ አንድ ሌሊት፣ ከዚያ ሁለት ቀን፣ ከዚያ በኋላ ሳምንት ቢሆን ሕመምተኛውም ተተኪውም አይደነግጡም።

የት ይኬዳል?

ይህን ክፍል አሳጥረዋለሁ፤ ተተኪ ያገኘ ሰው ቦታ አያጣም። መለኪያዬ ሁለት ነው፤ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይወስዳል፣ እዚያ ስደርስ ደግሞ ሰው ያናግረኛል ወይስ ዝም ይለኛል?

ሁለት ሰዓት ብቻ ላለው ሰው ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳ ወይም ከካዛንቺስ በእግር የሚደረስበት ቦታ ብቻ ይታሰብ። በኮሪደር ልማቱ የሰፋው የእግረኛ መንገድ በነጻ ነው፤ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ደርሶ መመለስ ለሰውነት የሚበቃ እንቅስቃሴ ይሰጣል፤ ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ እንዲደረግ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ ይህ ሲካፈል በአምስት ቀን 30 ደቂቃ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ዝምታ ለሚፈልግ ሰው ይሆናል፤ ማንም «እናትሽ እንዴት ናቸው?» አይልም። የወዳጅነት ፓርክ አረንጓዴና ውኃ አለው፤ ሆኖም የሠርግና የፎቶ ሰው ስለሚበዛበት ከቅዳሜና እሑድ ይልቅ የሥራ ቀን ይመረጣል። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አየሩና የባሕር ዛፉ ሽታ ከሁሉ ይበልጥብኛል፣ ነገር ግን መውጫና መውረጃው ግማሽ ቀኑን ይበላል፤ ለሙሉ ቀን ፋታ እንጂ ለሁለት ሰዓት አይሆንም።

ፍል ውኃ ለወገብና ለትከሻ ሕመም የሚወደድ ነው፤ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው ቤት ያሠሩትና ከተማዋ አዲስ አበባ ተብላ የተጀመረችው በዚሁ ሙቅ ውኃ ምክንያት ነው። ቅዳሜና እሑድ ወረፋው ረጅም ስለሆነ በሥራ ቀን ጠዋት መሄድ ይሻላል፤ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር በጣም ሙቅ ውኃ ውስጥ አይቆይ።

ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ለብዙ አስታማሚ ብቸኛው ማንም የማይጠይቅበት የመውጫ ምክንያት ናቸው። በፍስክ እሑድ ቅዳሴው ከንጋት በፊት ስለሚጀመር ሕመምተኛው ሳይነቃ ወጥቶ መመለስ ይቻላል፤ በጾም ቀናት ቅዳሴው ወደ ቀትርና ከቀትር በኋላ ስለሚሄድ የቀን ተተኪ ያስፈልጋል። ፒያሳ በኒ ኑር መስጊድ ጁምዓ የሚሰግድ ሰውም የዓርብ ቀትርን ለተተኪው አስቀድሞ ማስመዝገብ ይኖርበታል። ጾሙን በተመለከተ፣ እስከ 9 ሰዓት እህል ሳይቀምስ ሰው የሚያነሣና የሚያገላብጥ ጿሚ ራሱ እንዳይወድቅ ከንስሐ አባቱ ጋር ቢመክር ነውር የለበትም።

ሕመምተኛው ሆስፒታል ሲተኛ

ጥቁር አንበሳን በመሳሰሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች መድኃኒት ፈልጎ የሚያመጣ፣ ምግብ የሚያቀብል፣ ናሙና የሚያደርስ አስታማሚ አጠገብ እንዲኖር ይጠበቃል። እዚህ ላይ የሚነጻጸረው የ24 ሰዓትና የ12 ሰዓት ተራ ነው። የ24 ሰዓቱ መመላለሻን ይቀንሳል፤ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ግን ወንበር ላይ ያደረ ሰው ሐኪሙ ጠዋት የተናገረውን ቀትር ላይ አያስታውሰውም። የ12 ሰዓቱ ይሻላል፤ ተራ መቀያየሪያው ግን ከሐኪሞች ጉብኝት በኋላ ይሁን፣ አለዚያ የሚሄደውም የሚመጣውም ሳይሰማ ይቀራል። ሐኪሙ የተናገረው በአንድ ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ደብተሩ ከአልጋው አይለይ።

ፋታ ብቻ የማይበቃበት ጊዜ

ከሁለት ሳምንት በላይ በአብዛኛው ቀን ማዘን፣ ቀድሞ ደስ ይሉ የነበሩ ነገሮች መሰልቸት፣ ተተኪ ኖሮም እንቅልፍ መከልከል፣ ምግብ መጥላት፣ ሕመምተኛው ላይ መጮህ ወይም እጅ ለመሰንዘር መቃጣት ሲታይ፣ ጉዳዩ ከድካም አልፏል። ራስን ስለማጥፋት ማሰብ ከመጣ ደግሞ አንድም ቀን ማደር የለበትም። ብዙዎቻችን በዚህ ጊዜ ከጓደኛ፣ ከንስሐ አባት ወይም ከኢማም፣ እና ከሐኪም አንዱን እንደምንመርጥ እናስባለን። ጓደኛ ያዳምጣል፤ የሃይማኖት አባት ከበደለኝነት ስሜት ያሳርፋል፤ ድብርትን መርምሮ የሚያክም ግን ሐኪም ነው፤ ጠበልም ቢሆን መድኃኒት አስጥሎ የሚወሰድ አይደለም። በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ መጀመሪያ ይታያል፤ ከዚያ ሪፈር ሊጽፍ ይችላል፤ አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። «አማኑኤል ታየች» መባልን የሚፈሩ ሰዎች በአጠቃላይ ሆስፒታሎች ውስጥ ያሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍሎችን ቢመርጡ መዘግየት ከሚያመጣው ጉዳት ይድናሉ።

ወገብም የራሱ ሐኪም ይፈልጋል። ሕመምተኛን ሲያነሡ ከወገብ ጎንበስ ብሎ ከመጎተት ይልቅ ጉልበትን አጥፎ፣ ሕመምተኛውን ወደ ደረት አስጠግቶ ማንሣት፣ ከባድ ሲሆን ደግሞ በአንሶላ ላይ አድርጎ በሁለት ሰው ማንሸራተት ይሻላል። ይህን ፊዚዮቴራፒስት አንድ ጊዜ ቢያሳይ ለሁልጊዜ ይበቃል።

ለተተኪው የሚቀመጥ ወረቀት

ከመውጣት በፊት አንድ ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ይለጠፍ። የክኒኑ ስም፣ መልኩና ሰዓቱ፤ መጨረሻ የተገላበጠበት ሰዓትና ጎን፤ ምን መዋጥ እንደሚያስቸግረው፤ ዳይፐርና ጓንት የት እንዳሉ፤ የቅርቡ ዘመድ ስልክ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ኮሚሽን 939። «በእነዚህ ምክንያቶች ብቻ ደውሉልኝ» የሚል መስመርም ይጨመር፤ ከወደቀች፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ አፏ ከተጣመመ ወይም መናገር ካቃታት። ለመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን መጀመሪያ ለአምቡላንስ፣ ከዚያ ለእኔ። ለክኒን ቀለም አይደወልም። በእኛ ቤት ወረቀት ግርጌ ላይ እናቴ ራሷ ያስጻፈችው አንድ መስመር አለ፤ «ተኝታ ቢሆንም መስኮቱን አትዝጉባት፤ የሥላሴን ደወል መስማት ትፈልጋለች።»